ለአባባ አልጋ ስር የታሰበ ጎማ

ሰኞ፣ የካቲት 3

አንሶላ አጠብኩ። አባባን አገላብጬ ጀርባውን ቀባሁት። ሽባ የሆነው ግራ ጎኑ ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው፣ የሌላ ሰው ጎን የተከራየ ይመስላል። ላይኛዋ ጎረቤቴ ልትጠብቅልኝ ወረደች። እኔ ወደ መነጽር ቤት።

አንድ ሽማግሌ እግሩ የወለቀ መነጽር ይዘው መጡ። ብሎኑ ጠፍቷል። የእኔ ብሎኖች የሰናፍጭ ቅንጣት ያክላሉ፤ ትንፋሽ ይዞ፣ በሁለት ጣት። ገጠምኩላቸው። ለብሰውት ቀና ሲሉ፣ “አንቺ ልጅ፣ ደክሞሻል” አሉኝ። ብሎን በገጠምኩለት መነጽር መጀመሪያ ያዩት ድካሜን ነው።

ከሰዓት ስልክ። ወንድም ጋሼ።

“ሚጢ” አለኝ። አርባ ዓመቴን ይዤ አሁንም ሚጢ ነኝ። የአባባን ሞተር ብስክሌት በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ዝም ብላ ደረጃ ስር ከምትዝግ፣ አለ። እሺ አልኩት። ሁልጊዜ እሺ ነው የምለው፤ እሺታዬ ከእኔ ቀድማ ነው ስልክ የምታነሳው። ስለ አባባ የጠየቀው ሊዘጋ ሲል ነው። “ሽማግሌውስ?” አለ… ዝናብ አለ ወይ እንደሚል ሰው።

አባባ እንደታመመ ሰሞን ተስማምተን ነበር። ክረምቱን እኔ ዘንድ፣ በጋውን እሱ ዘንድ። ክረምቱ አለቀ። በጋው እሱ ቤት እስከ ዛሬ አልገባም። መነጽር ቤት የሙሉ ቀን ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነበር፤ ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው። እንግዲያው ቢያንስ ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ ወንድም ጋሼ። በየቅዳሜው አባባን እላጨዋለሁ፣ መስኮቱ ጋ አስቀምጠዋለሁ። ይጠብቃል። አልፎ አልፎ ሲመጣም ከክፍሉ በር አያልፍም። መሃረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ “ቸኩያለሁ” ይላል። አባባ ከታመመ ወዲህ ያቺን ክፍል ረግጧት አያውቅም።

አሁን ደግሞ ዓይኑን በጨው ታጥቦ… ሞተሯን።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ጥርሴን ስቦርሽ መጣልኝ።

የኋላ ጎማዋን ፈትቼ አባባ አልጋ ስር ብከተውስ? ይምጣ። “ጎማው የታለ?” ይበል። “አልጋው ስር ነው፣ ግባና ውሰደው።” ይግባ። ይንበርከክ። ያን ሳሙና የጠገበ ሱሪውን ወለሉ ላይ ይዘርጋው። ጎማ በአንድ እጅ አይሳብም፤ መሃረቡን በምን ይይዘዋል? ደረቱ መሬት ነክቶ፣ አባባ ከላይ ቁልቁል ያየዋል።

አፌ ውስጥ አረፋው እስኪደርቅ ቆሜ ቀረሁ። ከወዲሁ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አይፈታም።

ጎማውን የሚይዘው ዳዶ የሕፃን ቡጢ ያክላል፤ ያውም ከጭስ ማውጫው፣ ከማርሚታው ጀርባ ተሸጉጧል። መፍቻውን በጎን አስገብቼ ስገፋ ዳዶው ከነጎማው አብሮኝ ዞረ። ስገፋ ይዞራል፣ ስተወው ይቆማል። ወንድሜን ነው የሚመስለው፤ ያዝኩት ስል አብሮኝ እየዞረ ነው። ከዚያ መፍቻው አመለጠኝና የጣቴ ቆዳ ተላጠ። ደሜ ጎማው ላይ ነጠበ። ይሁን… እሱም ይመዝገብለት።

ጥግ ላይ ወዳለው ጎሚስታ ሄድኩ። ከመነዳሪ የሚሉትን የጎማ ላስቲክ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልጋል። የሰው ጎማ ነው ብዬ አፈታቱን በሩቁ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። “እትዬ፣ ማርሚታው ሳይወርድ እንኳን እርስዎ እኔም አልነካው። ልምጣና ልፍታልዎት?” አይ፣ አልኩ። እሱ ቢፈታው በአንድ አፍታ ነው፤ ግን ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወንድሜ ዘንድ ይደርሳል። ደግሞስ… በሌላ ሰው እጅ የተፈታ ጎማ ምን ደስ ይላል?

ስገባ አባባ ነቅቷል። ምን እየቀጠቀጥሽ ነው አለኝ። ምንም፣ አልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

አባባን ዋሸሁት።

የሞተሯ ጎማ ተበላሽቷል፣ ወንድም ጋሼ ሊወስዳት ስለሆነ ሲመጣ ዝግጁ እንድትሆንለት ፈልጌ ነው አልኩት። ፊቱ በራ። የሚሠራው ግማሽ ፊቱ ሁሉ በራ።

“ለወንድምሽ ብለሽ?”

“ለእሱ ብዬ።”

“ተባረኪ፣ እሜቴ። ተባረኪ።”

ምርቃቱ አንገቴ ላይ እንደ ትኩስ ውሃ ፈሰሰ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይሉ የለ? እኔ ደግሞ ቂም ይዤ ተመረቅኩ።

አባባ በዚያች ሞተር ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ ነው የኖረው። በየግቢው፣ ከየውሻው ጋር እየተጣላ። የስንቱን ቤት ምስጢር በውሃው ያውቃል፤ ማን እንግዳ እንደበዛበት፣ ማን ብቻውን እንደቀረ። አሁን ተሽከርካሪ ወንበሩን ግቢው ወደሚያየው መስኮት ግፊልኝ አለ። ገፋሁት። “አምጪያትና እዚህ ፊት ለፊቴ አቁሚያት። ከደረጃ ስር ሆኖ ሥራ የለም፣ ሌባ ካልሆነ በስተቀር።”

አውጥቼ ፊት ለፊቱ አቆምኳት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ላጨሁት። አልመጣም። የወንድም ጋሼ ስልክ ዝግ።

ቢሆንም ዛሬ አባባ መንገዱን አላየም። እኔን ነው ያየው። በመስኮቱ ድምፁ ስለማይወጣ በደህና እጁ ነው የሚያዘኝ። ጣቱን ሲያሽከረክር ፍቺ፣ መዳፉን ሲዘረጋ ተዪ፣ ግንባሩን ሲመታ ደግሞ ደደብ ማለት ነው። የማርሚታውን ብሎኖች አወጣሁ፣ ማርሚታው ወረደ። ዳዶው እንዳይፈታ የምትሰካዋን ሽቦ፣ ኮፒሊያዋን፣ በፒንሳ አቃንቼ ነቀልኩ። ጎማው እንዳይዞር የፍሬኑን እጀታ በእሱ የድሮ ቀበቶ ጠፍሬ አሰርኩት። መፍቻው ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰካሁበት፣ እጀታው እንዲረዝም። ከዚያ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት።

የምዝነው ክብደት ብቻ አልበቃ አለ። ያንን ስልክ ጨመርኩበት። “ሽማግሌውስ?” የሚለውን። መሃረቡን። በጋውን።

ጯ! አለ።

አጥንቴ የተሰበረ መሰለኝ፤ ዳዶው ነው። አባባ ከመስታወቱ ጀርባ አፉን ከፍቶ እየሳቀ ነበር። ድምፁ ሳይሰማ። መቼ ነው እንደዚህ ሲስቅ ያየሁት?

ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረውም። ተቆጣሁ። ለዚህ አይደለም የጀመርኩት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ዳዶው ወጣ፤ ጎማው አልወጣም። ጥርስ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ዝገት አጣብቆታል። ሳብኩ። ረገጥኩ። እንጨት አስደግፌ በመዶሻ መታሁ። ነጭ ጋዝ አጠጣሁት። ግድግዳ ብስብ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ነጭ ጋዝ። መዶሻ። እንደዚያው።

መነጽር ቤት እጄ ሸተተ። አንዲት ደንበኛ አፍንጫዋን ያዘች። በመሃረብ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

አባባ ሲያየኝ ሰንብቶ ዛሬ ተናገረ። ድምፁን ለመስማት ጠጋ አልኩ።

“በጉልበት አይወጣም፣ እሜቴ። ዝገት ጉልበት ይወዳል። በክብደት ነው የሚወጣው።”

ዘዴው እንዲህ ነው። ዳዶውን መልሼ አስገባዋለሁ፤ ግን አላጠብቀውም፣ ለስሙ ብቻ በጥቂት ጥርስ ይያዝ። ኮፒሊያ የለም። ከዚያ ሞተሯን አስነስቼ፣ ተቀምጬባት፣ ግቢ ውስጥ ቀስ እያልኩ ወደፊት፣ ፍሬን… እንደገና ወደፊት፣ ፍሬን። የሰው ክብደትና መወዛወዙ ዝገቱን እየሰበረው ይመጣል። ዳዶው ደግሞ ጎማው ሾልኮ እንዳይበር ይጠብቀዋል። እሱ በሥራ ዘመኑ ብዙ ጊዜ አድርጎታል፤ አንድ ጊዜ ረስቶት መንገድ ወጥቶ ነበር።

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ጎማዬ ቀድሞኝ ሄደ። እሱ ገበያ ደረሰ፣ እኔ ሐኪም ቤት።” ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወና እጄን ያዘ። “ከበሩ እንዳትወጪ። እንደዚያ ላልታ ሳለች ከበሩ የወጣ ሰው በሕይወቱ ቀልዷል። ውጭው ደግሞ ቁልቁለት ነው።”

ግን ነድቼ አላውቅም እኮ፣ አልኩት። ትማሪያለሽ አለ። የማይንቀሳቀስ ሰው መንዳት ሊያስተምረኝ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሁለቴ ወደቅኩ። አንዴ የልብስ ማድረቂያው ሽቦ ላይ፣ አንዴ በቁሜ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ተላጨ። አልመጣም። ግን ዛሬ ሳልወድቅ ግቢውን ዞርኩ። አባባ በጣቱ “እንደገና” አለኝ። እንደገና ዞርኩ። ነፋሷ… ትንሽ ናት፣ የግቢ ነፋስ ናት፤ ቢሆንም አንገቴ ስር ገባች።

ላይኛዋ በረንዳዋ ላይ ወጥታ ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ማርሚታ የሌላት ሞተር መትረየስ ናት። “አንቺ፣ ጦርነት ተጀመረ እንዴ? ሰው ይተኛል እኮ!” አለች። አባባ ማርሚታውን መልሺው፣ ጎረቤት ከጎማ ይበልጣል አለ። መለስኩት። አሁን ዳዶው ከጀርባው ተሸፍኗል፤ ላያት ሰው ጤነኛ ሞተር ናት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ወደፊት። ፍሬን። ወደፊት። ፍሬን።

ማታ ሳስበው… እሱ የሚያስተምረኝ ለልጁ ብዬ የምደክም መስሎት ነው። እኔ የምማረው ልጁን ለማንበርከክ ነው። ሁለታችንም በአንድ ጎማ ላይ ነን። ብነግረውስ? ጣቱን ማሽከርከር ይተዋል። ሳቁንም ይተዋል። አልነግረውም። ደግሞ ለእሱ ብዬ ነው የማልነግረው እላለሁ። ከቂም የሚብስ ውሸት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ፣ የካቲት 21

ቀጭ አለ!

ፍሬን ስይዝ፣ ከስሬ። ከዚያ በኋላ ጎማው ልትወልቅ እንደተቃረበች ጥርስ ሆነ፤ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይነቃነቃል። ለአባባ በእጄ አሳየሁት። አውራ ጣቱን አነሳ። አሁኑኑ ላወጣው ነበር፤ ግን የሚበላበት ሰዓት ደረሰ፣ ማርሚታውም ግሏል። ነገ አባባን ልላጭና ከዚያ። አልጋው ስር ቦታ አዘጋጅቻለሁ። ጠርጌያለሁ፣ ጨርቅ አንጥፌያለሁ። ለእንግዳ እንደሚነጠፍ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አባባን ላጨሁ። ሸሚዙን ቀየርኩለት፣ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። መፍቻዎቹን ይዤ ግቢ ስወጣ በሩ ተንኳኳ። ወንድም ጋሼ። ሄልሜት በክንዱ አንጠልጥሏል። ቀኑ ሳይደርስ፣ የዛሬ ሳምንት ሲባል ዛሬ። ከሚስቱ ዘመዶች ጋር የሚሄድበት ስላለ አሁን ካልወሰዳት አይመቸውም። “ጎሽ፣ አውጥተሽ ጠብቀሽኛል” አለ ሞተሯን ሲያያት።

መፍቻዎቹን ጀርባዬ አደረግኩ። ለምን?

አባባ መስኮቱ ጋ እጁን አነሳ። የተላጨ አገጩ ያበራል። ልጁ በቅዳሜ መጣ። ወንድሜ ከግቢው መሐል እጁን አወዛወዘለት፣ ለአውቶቡስ እንደሚያወዛውዙት። “አባባ! ደህና ነህ አይደል? በኋላ እመጣለሁ!” ወደ እኔ ዞሮ፣ “ጥሩ ነው እኮ፣ ወፈር ብሏል” አለ። ያበጠው እግሩ ነው።

ግባና ሰላም በለው አልኩት። ቸኩያለሁ አለ። ሱሪው ነጭ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው መጻፍ ያቃተኝ።

ሄልሜቱን አጠለቀ። ዝም። የሞተሯን መስታወት በመዳፉ ጠርጎ አስተካከለ። ዝም አልኩ። አቧራዋን እያየ ማን እንደዚህ ቆሻሻ አደረጋት አለ፤ እኔ አልኩ፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ረግጦ አስነሳት። በመጀመሪያው ተነሳችለት፣ ስንት ቀን ያሟሟቅኳት እኔ ነኝና። “በሩን ክፈችልኝ” አለ።

ከፈትኩለት።

በእነዚህ እጆቼ። መወርወሪያውን ሳብኩ፣ ሁለቱንም መዝጊያ ገፋሁ፣ ድንጋይ እንኳን አስደገፍኩ፣ ነፋስ እንዳይመልሰው። ከበሩ ወዲያ ቁልቁለቱ ወርዶ ወርዶ መኪና መንገዱ ላይ ያርፋል። አየሁት። ጎማው የት አካባቢ እንደሚቀድመው ሁሉ አየሁት። ልቤ አልመታችም። ያስፈራኝ አሁን ነው፤ ያን ጊዜ ረግቼ ነበር፣ መነጽር ላይ ብሎን እንደምገጥም።

ታዲያ ለምን ተናገርኩ?

ለእሱ አዝኜ አይደለም። እዚህ ማንም አያነበኝም፣ አልዋሽም። አንድ ነገር ነው ብልጭ ያለብኝ። ቢወድቅ መንገዱ ጣለኝ ይላል። ቢሞት ደግሞ ምንም አይልም። እኔን አያውቀኝም። ሐኪም ቤት ተኝቶ፣ “ሚጢ፣ ዕድሌ ነው” ብሎ ሾርባ አምጪልኝ ይለኛል፤ እኔም እሺ እላለሁ። ቂሜ ሁሉ አስፋልት ላይ ፈስሶ፣ የማን እንደሆነ እንኳን ሳይታወቅ። አልፈቀድኩም። ስስት ነው። በስስት ነው ያዳንኩት።

“ወንድም ጋሼ፣ የኋላ ጎማው ዳዶ ላልቷል። እንዳትወጣ።”

ሳቀ። “ሚጢ፣ ሞተሯን ላለመስጠት ይሄን ሁሉ? አፍሽን ሞልተሽ አልሰጥህም በይ እንጂ።” የፊት ጎማዋ ደፉን ነክቷል። ተንደርድሬ ቁልፉን ነቀልኩት። ሞተሯ ጠፋች። ቁልፌን፣ አለ። እንግዲያው ውረድና እይ አልኩት።

ወረደ፤ እጁን አጣምሮ ቆመ። ተንበረከክኩ። የማርሚታውን ብሎኖች ፈታሁ፣ ሙቀቱ ጣቴን እየላሰኝ። ዳዶውን በመፍቻ አይደለም፣ በሁለት ጣቴ አሽከርክሬ አወጣሁት። መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየሁት። ከዚያ ጎማውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያ ስንት መዶሻ የበላ፣ ስንት ነጭ ጋዝ የጠጣ ጎማ… ሳብ ሳደርገው መጣልኝ። ሹልክ ብሎ ጭኔ ላይ ተቀመጠ።

ወንድሜ ጎማውን አየ። በሩን አየ። ቁልቁለቱን አየ። ሄልሜቱን አወለቀ፤ ፀጉሩ በላብ ተጣብቋል። እንደዚህ ቀርፋፋ ሆኖ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

“መላላቱን ታውቂ ነበር?”

“ያላላሁት እኔ ነኝ።”

“በሩን እኮ ከፍተሽልኝ ነበር።”

 ጎማውን ጭኔ ላይ ያዝኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሚጢ ሳይለኝ አየኝ። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ጀርባውን አልሰጠኝም፣ ከዚያ ዞሮ በእግሩ ወረደ። ቶሎ ቶሎ።

የፈለግኩትን አገኘሁ ማለት ነው? ያወቀኝ ይመስለኛል።

እሑድ፣ የካቲት 23

ትናንት አባባን ራቱን አበላሁት። ያየውን አልጠየቅኩትም። መስኮቱ ጋ ነበር። ሁሉንም አይቷል፣ ድምፁን ሳይሰማ።

ዛሬ ጠዋት ፊቱን ሳብሰው ነው፣ በፎጣው ስር።

“ቆየሽ” አለኝ።

ፎጣውን አላነሳሁም። እንዳያየኝ ይሁን እንዳላየው፣ አላውቅም። ዳዶው መላላቱን ያውቃል፤ ዘዴውን የሰጠኝ እሱ ነው። ሄልሜቱን፣ መስታወቱን፣ በሩን፣ ድንጋዩን… አንድ በአንድ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነበር። መጮህ አይችል። ልጁን አይደለም ያየው፤ እኔን ነው።

“ቆየሁ” አልኩ።

“ውሃው በርዷል” አለ። ሙቅ ውሃ ጨመርኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 25

አክስቴ ደወለች። መቼም የአባባ እህት ብትሞት እንኳን ወሬ ታደርሳለች። ወንድሜ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ አውርቷል፤ ልትገድለኝ ነበር፣ ልቧ ታውሯል፣ ማን ያውቃል አባባንስ ምን እያደረገችው እንደሆነ ብሏል። አክስቴ ግን አላመነችም። “እሷ ባትነግርህ ኖሮ ዛሬ ሬሳ ነበርክ ብዬ አፉን አስያዝኩት። ልብሽን እግዜር ያውቀዋል፣ የኔ ርኅሩኅ” አለችኝ።

እሱ ገዳይ ይለኛል፣ እሷ ርኅሩኅ። ሁለቱ ስልክ ላይ የሚያወሩላት ሴት እኔ አይደለሁም።

ምንም አላስተባበልኩም። ለሁለቱም።

ከሰዓት ዘንጉን በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ፣ ግራሶ ቀባሁ። አባባ በጣቱ አዘዘኝ። እንደ ድሮው ግን አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

መጣ።

ሞተሯን አልጠየቀም። ቀጥ ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ፣ ደፉ ላይ ቆመ፣ መሃረቡን አወጣ፣ አየው፣ ኪሱ ውስጥ መለሰው። ገባ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የመድኃኒቶቹን ጠርሙሶች አንድ በአንድ እያነሳ አነበበ፣ አሸተተ። አባባን ጀርባህን አሳየኝ ብሎ አገላበጠው፤ አያያዙን አያውቅበትም፣ አባባ ሲጢጥ አለ። ቁስል ፈለገ። የለም። ቅር ያለው መሰለኝ።

ምሳ ሳመጣ ሳህኑን ከእጄ ተቀበለኝ። “እኔ አጎርሰዋለሁ።” መጀመሪያ ግን አንድ ማንኪያ አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋ። ገባኝ። ቀመስኩለት፣ ዋጥኩ፣ አፌን ከፍቼ አሳየሁት። ከዚያ አጎረሰው። ሸሚዙ ላይ አፈሰሰበት፣ አገጩ ላይ፣ የራሱ ነጭ ሱሪ ላይ።

የጠረግኩት ወለል፣ አልጋው ስር ያነጠፍኩት ጨርቅ… ምንም አላስፈለገም። ሰው በፍርሃት ሲገባ ምንጣፍ አይጠይቅም።

ሻዩንም እኔ እስክጠጣ ጠብቆ ነው የጠጣው። ቀዝቅዞበት።

ሲሄድ፣ “በየሳምንቱ እመጣለሁ። አባባን ለአንቺ ጥዬ እንቅልፍ አይወስደኝም” አለኝ። እሺ አልኩት። ይቺ እሺ የእኔ ናት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

አባባን ዛሬ ጠየቅኩት። ቅዳሜ ለብቻችሁ ስትሆኑ ስለ እኔ ምን ጠየቀህ?

“‘ታሰቃይሃለች ወይ?’ አለኝ።”

“ምን አልከው?”

አባባ ጣሪያውን አየ። “‘እንጃ’ አልኩት።”

“እንጃ?”

“ረዘም አድርጌ። እንጃ… እያልኩ። እንባ እንኳን ሞክሬ ነበር፣ ቀኝ ዓይኔ ብቻ ነው የሚታዘዘኝ።” ደህናው ግማሽ ፊቱ ሳቅ ሊያመልጠው ይታገላል። “አትታመንም ካልኩት ይመጣል፣ እሜቴ። ጥሩ ናት ብለው በጋው መቼ ይገባል?”

ስቄ አላውቅም እንደዚህ። ከዚያ ጥርጣሬ ገባኝ። ከልቡ ይሁን ‘እንጃ’ ያለው? ቆየሽ ያለኝ ሰው ነው። አልጠየቅኩትም።  ብርድ ልብሱን እስከ አንገቱ ሳብኩለት፤ እጄ አንገቱ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑን አልጨፈነም፣ ያየኝ ነበር፣ በደንብ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ወንድም ጋሼ ማልዶ መጣ። ምላጩን ከእጄ ወሰደው፤ ምላጭማ ለእኔ አይተውም። ራሱ ላጨው። ሁለት ቦታ ቆረጠው። አባባ እየተቆረጠ ደስተኛ ነው።

እኔ ለመውጣት ተዘጋጀሁ። ዳዶው ጠብቋል፣ አዲስ ኮፒሊያ ሰክቼበታለሁ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ሦስተኛም አየሁት። ቁልቁለቱን በፍሬን ወረድኩ። የምሄድበት አልነበረኝም። ጎሚስታው ከጎማዎቹ መሐል ብድግ ብሎ፣ “እትዬ! የሰው ጎማ ነው ያሉኝ ይሄ ነው?” አለ። አዎ አልኩት። መኪና መንገዱን ዳር ዳር ይዤ ሄድኩ፣ መነጽር ቤቱን በመስኮቱ አየሁት፣ የማላውቃቸው ሰፈሮች ገባሁ፣ ጠፋሁ፣ ጠይቄ ተመለስኩ። እጄ ከእጀታው ሊላቀቅ አልፈለገም።

ስገባ ወንድሜ ወንበሩ ላይ አንገቱ ተቀልብሶ ተኝቷል። ማንኪያው በእጁ ነው። አባባ አልተኛም፤ ይጠብቀዋል። እንዳላስነሳው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ቆሜ አየሁት። ጫማውን አውልቋል። ካልሲው ተቀዷል። ልቤ እንዳይባባ ፈጥኜ ያንን ሁሉ አስታወስኩ፤ በጋውን፣ “ሽማግሌውስ?” የሚለውን፣ ለአውቶቡስ የሚወዛወዘውን እጅ። መጡልኝ ሁሉም፣ እንደ ድሮው አንድም ሳይጎድል። ብቻ በየተራ አልመጡም፤ መጥራት ነበረብኝ።

ሲነቃ ደነገጠ። መጀመሪያ የአባባን ደረት አየ፣ ይተነፍስ እንደሆነ። ቀጥሎ እኔን። ጃኬቱን ለበሰ። ልሸኘው ተነሳሁ፣ መወርወሪያውን ልስብ እጄን ዘረጋሁ።

“ተዪው” አለ። “በሩን እኔው እከፍተዋለሁ።”

ራቅ አልኩለት። ከፈተ። ዞር ብሎ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለመስኮቱ።